በሴቶች በር የተለወጠው ጫማ

መራዊ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ ለመምህር ደጀኔ፣

ብርዱ እንዴት አድርጎዎታል? እኛ በደህና ገብተናል። ኢርፋን እስከ ደጃችን አድርሶን ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ወደ ቡሬ ተመለሰ። ስልኩ ዘንድሮም እንደጠፋ ስለሆነ ደብዳቤያችንን እሱው በሚኒባሱ ሊያመላልስልን ቃል ገብቷል። ተባረክ ብለው ይመርቁልኝ።

እማዬ ስለዚያ ቅዳሜ አውርታ አልጠግብ ብላለች። ስንት ዘመን ሙሉ አራዊቱንና አድባራቱን አሳዩኝ ስትል ኖራ፣ መኪና በኮንትራት ተይዞላት፣ ለብቻዋ እንደ ሹም ከፊት ተቀምጣ መሄዷ እስካሁን እውነት አልመሰላትም። ወንዙ ዳር ውርጩ ላይ ቆሞ ያየን ድኩላ፣ በመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣሉት መላእክት፣ ሁሉንም ለጎረቤት ስትተርክ ነው የምትውለው። ስለ ድንጋይ በር ማርያም ግን አትናገርም። ጫካው፣ ጉሬዛዎቹ፣ ያ ሁሉ አምሮ ሳለ ስሙን ስጠራባት ሌላ ወሬ ታነሣለች።

ስንለያይ የጠየቁኝ እዚያው ድንጋይ በር ማርያም ስለተነሣነው ፎቶ ነበር። አዎ፣ ደህና ወጥቷል። አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። ጉሬዛዎቹ ካባቸውን እንደለበሱ ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረው አንዳቸውም ወደ እኛ አላዩም። ሁሉም በሴቶች በር በኩል ወደ ታች ነው የሚያዩት። እዚያ ደግሞ ጫማችን እንጂ ሌላ ምን ነበር? ከበሩ በስተግራ ያየሁት ትኩስ አፈርስ የምን ነው?

ለነገሩ ዋናው ጉዳዬም ጫማው ነው። በዋዜማው ቡሬ ላይ የገዙላት ጥቁር ላስቲክ ጫማ ትዝ ይልዎታል? ቀኝ እግሯ ስለሚያጥር፣ ተረከዙ ሥር ከአሮጌ ሹራቤ የቀደድኩትን ሰማያዊ ጨርቅ አጥፌ ጎስጉሼላት ነበር። ቤት ገብታ ሳየው ጨርቁ የለም። ጫማው ያው ጥቁር ላስቲክ፣ ያው ቁጥር፣ ግን የሌላ ሰው ነው፤ አፉ ላይ ትንሽ ተላልጧል። ኢርፋን ክላክስ ሲያደርግብን ተጣድፋ የሰው ጫማ አጥልቃ መጥታለች ማለት ነው። ያገሩ ሴት ሁሉ ከአንድ ነጋዴ ገዝታ እንዴት አይለዋወጥ!

አሁን የሚያስቀውን ልንገርዎት። ያለ ጨርቁ አታነክስም። በሕይወቴ እናቴን ሳታነክስ አይቻት አላውቅም፤ ዛሬ ግቢውን ቀጥ ብላ ስትዞረው አይቼ አለቀስኩ። ቢሆንም የሰው ነገር የሰው ነው። እባክዎ ባለቤቷን ይፈልጉልኝና እንለዋወጥ።

ነጩን ስኒከሬን አጥቤዋለሁ። "ይህ ጫማ ለጭቃ ነው ወይስ ለሠርግ" ብለው እንደሳቁብኝ አልረሳሁም።

ልጅዎ ትሕትና


ቡሬ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017

ትሕትናዬ፣

እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ግን ጡረተኛ መሆኔን ሰምቶ ይመስለኛል ዘንድሮ በኔ ላይ በርትቷል። ሐኪሙ ሁሉ ያቃተውን እግር የላስቲክ ጫማ አቃናው ትይኛለሽ? በይ እንግዲያው ነጋዴውን ሄጄ ጉልበቱን እስማለሁ።

እንዳልሽኝ ድንጋይ በር ማርያም ሄጄ ነበር። የጫማውን ባለቤት ቤት አገኘሁት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ወይዘሮ ዓባይነሽ ይባላሉ። እሳቸው ግን አሁን እዚያ የሉም። ሩቅ መንገድ ሄደዋል። አንድ ጎልማሳ ልጅ አላቸው፤ ተጨዋውተን፣ ጠላ ቀምሼ ተመለስኩ።

ከበሩ በስተግራ ያየሽውን ትኩስ አፈር ለምን ጠየቅሽኝ? አገሩ ሁሉ አፈር ነው፤ ሰው ይቆፍራል፣ ይደፍናል። ጉሬዛዎቹም ያቀረቀሩት በርዷቸው ነው። አንቺ ልጅ ከድሮም ጥያቄ ታበዣለሽ፤ ክፍል ውስጥ ብትሆኚ ኖሮ ጥግ አቆምሽ ነበር።

ጫማውን በኢርፋን እጅ ላኪልኝ። ሌላ ጫማ እኔ እገዛላታለሁ። ይህን ደብዳቤ ለእናትሽ፣ ለእታለም ደስታነሽ፣ አታንብቢላት፤ ሰላምታዬን ብቻ ንገሪያት።

አጎትሽ ደጀኔ


መራዊ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017

ለአጎቴ፣

እንኳን ለጾሙ ፍቺ አደረሰዎ ልል ነበር፤ ግን ኢርፋን ነገ ማለዳ ስለሚወጣ ደብዳቤው በዓሉ ሳይገባ ይደርስዎታል።

ጫማውን ላኪ ቢሉኝም አልላክሁትም። አይቆጡኝ። ሴትዮዋ ሩቅ ከሄደች ጫማው ምን ያስቸኩላታል? ዐረብ አገር ሄዳ ይሁን አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ፣ ስትመለስ እኔ ራሴ አዲስ ገዝቼ ይዤላት እሄዳለሁ። እማዬ ደግሞ አላወልቅም ብላለች። እውነቴን ነው፤ ስትተኛ እንኳ አታወልቀውም። ላወልቅላት ጎንበስ ስል እግሯን ሰብሰብ አድርጋ "ተይ አንቺ ልጅ፣ መንገድ አለብኝ" አለችኝ። "አንቺ ልጅ" ትበለኝ? እኔን "እሙዬ" እንጂ ሌላ ብላኝ አታውቅም።

ሌላም አለ። ጎህ ሲቀድ ብድግ ትልና "ጥጃዋን ማን ፈታት?" ትላለች። ቤታችን ውስጥ ከድመት በቀር እንስሳ እንደሌለ ያውቃሉ። መጀመሪያ ሕልም ነው ብዬ ሳቅሁ። ትናንት ግን ከገበያ ስመለስ ቤት የለችም። ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፓልት ዳር ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ አገኘኋት። ምን ትሠሪያለሽ ስላት፣ "አንዷለም ብቻውን ነው፤ ማን እሳት ያነድለታል?" አለችኝ።

አንዷለም ማን ነው? በዘመዳችን ውስጥ እንዲህ የሚባል ሰው አለ? እኔ የማላውቀው ወንድም አለሽ እንዳይሉኝና እንዳልሞት!

እባክዎ በግልጽ ይመልሱልኝ። ፈርቻለሁ። እርምጃዋ አምሮልኝ ነበር፤ አሁን ግን ከኋላዋ ሳያት የማን እርምጃ እንደሆነ ግራ ይገባኛል።

ትሕትና


ቡሬ፣ ጥር 2 ቀን 2017

የኔ ልጅ፣

እንኳን አደረሰሽ። ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬው ተቀምጬ ጨረስሁት።

በዘመዳችን ውስጥ አንዷለም የሚባል የለም። ስሙን ከማን ሰማች? እኔ ፊቷ ጠርቼው አላውቅም፤ አንቺም ከኔ አልሰማሽም። ያ ጎልማሳ፣ የወይዘሮ ዓባይነሽ ልጅ፣ እሱ ነው አንዷለም።

ትናንት እንደገና ሄጄ ነበር። ልጁ ወደ ውስጥ አስገባኝ። የእናቱ መደብ እንደተነጠፈ ነው፤ ማንም አይተኛበትም። ከመደቡ ሥር ጥቁር ላስቲክ ጫማ ተቀምጧል። ጎንበስ ብዬ ቀኙን ሳየው ሰማያዊ ጨርቅሽ ተረከዙ ላይ እንደተጎሰጎሰ አለ። "ይህ የማን ነው?" ብለው "የእናቴ ነው" አለኝ። "ይህስ ጨርቅ?" አልኩት። ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ሳይ እኔም ተውኩት። ውጭ አንዲት ጥጃ ገመዷን ፈትታ ማሽላ ክምሩን እየበላች ነበር። ይዤ መልሼ አሰርኳት።

ጫማውን ዛሬውኑ ላኪ። ከአስተርዮ ማርያም በፊት መድረስ አለበት። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ሁሉ ነገር በወረቀት አይጻፍም። አስፈላጊ ከሆነ ተኝታ ሳለ አውልቂው፤ ብትቆጣም ትቆጣ። የኔን ቃል ስሚ።

አጎትሽ


መራዊ፣ ጥር 9 ቀን 2017

አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ከዚህ በላይ ሰላምታ አይወጣኝም።

ሴትዮዋ ሞታለች። ኢርፋንን እስከሚምል ድረስ ያዝኩትና ነገረኝ። እኛ ጉሬዛ እያየን ስንስቅ እሷን የቀበሯት ዕለቱን ነበር። ሰው ገና ከመቃብሩ መበተኑ ነበር፤ እርስዎም ያውቁ ነበር። "ሩቅ መንገድ ሄደዋል" ይበሉኝ! "ተጨዋውተን ጠላ ቀምሼ" ይበሉኝ! የልቅሶ ቤት ጠላ!

አውቃለሁ፣ መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም፣ ወጉ አይደለም፣ ሰው ተልኮ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ግን ሴትዮዋ የእኔ ዘመድ ናት እንዴ? ለኔ መርዶ ምን ያደርግልኛል? እኔ በሕይወት አለች ብዬ ጫማዋን አስቀመጥኩላት! ያኔ በግልጽ ቢነግሩኝ በማግስቱ ልኬው ነበር፤ ያኔ እማዬ ገና ታወልቀው ነበር።

ልማዱንም ኢርፋን ነው የነገረኝ፤ የአክስቱ ባል እዚያ ቀበሌ ነጋዴ ስለሆነ ያውቀዋል። እዚያ አገር ሴት ስትሞት ጫማዋ ከአስከሬኑ ኋላ ይሄድና በሴቶች በር ይቀመጣል አለኝ። አላፊ አግዳሚ ችግረኛ አንሥታ ታደርገውና የሟቿን መንገድ ትሄድላታለች። ያላነሣችው እንደሆነ ቤተሰቡ ወደ ቤት ይመልሰውና እስከ አርባዋ ከመደቧ ሥር ይቀመጣል። እነሱ የእማዬን ጫማ በሩ ላይ አይተው፣ ማንም አላነሣውም ብለው ነው የወሰዱት። አርባዋ ደግሞ ለአስተርዮ ማርያም ይውላል። ይህን ነው "አትጠይቂኝ" ያሉኝ።

ላወልቅ ሞከርኩ። ተኝታ ነበር። የግራውን ስነካ ዓይኗን ሳትገልጥ "አንዷለም፣ አንተ ነህ?" አለች። ድምፁ የእናቴ አይደለም። የእናቴን ድምፅ ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ይህ ሌላ ሰው ነው። ደንግጬ ለቀቅኩት።

ጠበል ወስጃታለሁ፤ ከነጫማዋ ቆማ ተጠመቀች። ሐኪምም ዕድሜ ነው፣ መርሳት ነው አለኝ። መርሳት ይሁን እሺ፤ ግን የምትረሳው እኛን ብቻ ነው፤ ያን ቤት ጥጃዋን ሳይቀር ታስታውሳለች። ዛሬ ጠዋት "የኔ እንግዳ፣ አልመሸብሽም? ሰዎችሽ ይፈልጉሻል" አለችኝ። በገዛ ቤታችን! ወጥ ቤት ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጨምሬ አለቀስኩ።

ጥር ሃያ አንድ በኢርፋን መኪና ይዣት እመጣለሁ። ከአንዷለም ፊት እናወልቀውና የራሷን ታድርግ። ማንከሱን ታንክስ። እናቴን ብቻ ነው የምፈልገው።

ትሕትና


መራዊ፣ ጥር 20 ቀን 2017፣ ጠዋት

አጎቴ፣

ሄዳለች። ጎህ ሲቀድ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ጫማውን አድርጋ፣ ነጠላዋን ለብሳ ነው የወጣችው፤ ብር አልያዘችም። መናኸሪያ አላዩዋትም። አንድ ጋሪ ነጂ ብቻ በቡሬው መንገድ አንዲት ሴት በጠዋት ፈረሱን ቀድማ ስትሄድ አየሁ አለ። "ታነክሳለች?" ብለው "ኧረ እንዴት ተደርጎ፣ ትበር ነበር" አለኝ።

ኢርፋን አሁኑኑ ይነሣል፤ መንገድ ለመንገድ እያየ ይመጣል። እኔ ድንገት ብትመለስ ቤቱ ተዘግቶ እንዳታገኘው ብዬ ቀርቻለሁ። የት እንደምትሄድ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ቀድመዋት ይድረሱ። እግርዎ ሥር ወድቄ ነው የምለምንዎት።

ትሕትና


ቡሬ፣ ጥር 22 ቀን 2017

ትሕትና ልጄ፣

ዛሬ ምንም አልደብቅሽም። መጀመሪያ ደህና ናት። አለች። በላች፣ ጠጣች፣ ተኛች። ይህን ካልኩሽ በኋላ ሌላውን ተቀምጠሽ አንብቢው።

ኢርፋን መንገድ ላይ አላገኛትም። ያን ሁሉ አገር በምን እንደመጣች እስካሁን አልገባኝም፤ ስንጠይቃት "በእግሬ ነዋ" ብቻ ትላለች። እኔ ትናንት በጠዋት ቀድሜ ደረስሁ። ዳሱ ተተክሏል፣ ካህናቱ ተቀምጠዋል፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን የማርያምን ንግሥ አክብሮ እየገባ ነው። ጉሬዛዎቹ ከጫካው ወጥተው ወንዙ ዳር ያለው ዋርካ ላይ ሰፍረው ነበር። ሽማግሌዎቹ እስከዚያ ድረስ ሲወርዱ አይተን አናውቅም አሉ። አንዱም አይጮህም።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞሩ። እኔም ዞርኩ። እታለም ቁልቁለቱን እየወረደች ነበር። ድንጋዩን ሳታይ፣ ቀጥ ብላ፣ በልጅነቷ እንኳ እንዲህ ስትሄድ አይቻት አላውቅም። ወንዙን ደረቅ ድንጋዩን መርጣ ተሻገረች፤ እኔ ስንት ጊዜ ሄጄ ዛሬም የምወድቅበትን ቦታ! ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ቀስ በቀስ ተነሣ። የሚጠጣው ጽዋውን አወረደ።

አጠገቤ ደርሳ አለፈችኝ። "እታለም!" አልኳት። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ለእንግዳ እንደሚደረገው እጅ ነሣችኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞር ብላ "ጥጃዋን ማን ፈታት?" አለች። ጥጃዋ እውነትም ተፈትታ ነበር። አንዷለም ዳሱ ምሰሶ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ እንደ ሕፃን ቁጭ አለ።

በሩ ላይ ጫማውን አወለቀችው። አንቺ ያቃተሽን፣ ጠበሉ ያቃተውን፣ እሷ ራሷ እንደ ቀላል ነገር አወለቀችው። ልቤ ተስፋ አደረገ። ገባች፤ ከመደቡ ሥር ጎንበስ ብላ የራሷን ጫማ አወጣች፤ ሰማያዊውን ጨርቅ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። አሁን ታጠልቀዋለች፣ አሁን ታነክሳለች፣ አሁን "ደጀኔ" ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አቅፋ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። "መምህር፣ ይህ የእንግዳዋ ነው፤ የዚያች የምታነክሰዋ ሴትዮ። ተለዋውጦባት ነው። ምን በልታ ምን ጠጥታ ይሆን ባዶ እግሯን የሄደችው? ይላኩላት" አለችኝ። እኔን፣ ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገችኝን፣ "መምህር" አለችኝ። እንግዲህ እኔ ስልሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ሰው ፊት እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ወደ ቡሬ ልወስዳት ብል አንዷለም "ይተዉልኝ፣ ትንሽ ቀን እንኳ ይተዉልኝ" ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። እሷም ከምድጃው አልነሣም አለች። በግድ ብጎትታት የምትሞት መሰለኝና ተውኳት። አሁን አትምጪ። አንቺን አይታ "ማን ናት?" ብትል አትችይውም፤ እኔም አልቻልኩም። ትንሽ ትረጋጋ፣ እኔ በየቀኑ እመላለሳለሁ።

ጫማውን በኢርፋን እጅ ልኬልሻለሁ። ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው። የአገሩ ሴቶች አንድ ወሬ አላቸው፤ ከባለጫማዋ ደም የሆነች ሴት ብታጠልቀው ባለጫማዋን ወደ ቤቷ ይመልሳታል ይላሉ። እንዳልደብቅሽ ስለማልኩ ነው የጻፍኩልሽ እንጂ እኔ አላመንኩበትም። እንዴት አድርጎ እንደሚመልሳት ብጠይቃቸው ሁሉም ዓይናቸውን ሰበሩ። ልጄ፣ እግርሽን እንዳታስገቢበት። በእናትሽ ይዤሻለሁ።

አጎትሽ ደጀኔ


መራዊ፣ ጥር 28 ቀን 2017

ለወንድሜ ለደጀኔ፣

እንዴት ነህ አንተ? ብርዱ ላንተም በርትቷል ወይ? እኔ ያው እንደምታውቀኝ ነኝ። ጉልበቴ ትንሽ ቢያመኝም እያነከስኩም ቢሆን ግቢዬን እዞራለሁ። የገዛህልኝ ጫማ ተመቸኝ። የሰማያዊው ጨርቅ ነገር ባይኖር መራመድም አልችል ነበር፤ ልጄ ናት ያበጀችልኝ፣ ትባረክ።

ያ ጉዞ እንዴት ያለ ጥሩ ጉዞ ነበር! ድኩላው፣ መላእክቱ፣ ጉሬዛዎቹ። ከሴቶች በር ስወጣ ግን ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አላስታውስም። ረጅም እንቅልፍ ተኝቼ የነቃሁ ይመስለኛል። ስነቃ ቤቱ ጭር ብሏል።

ደብዳቤ ስጽፍልህ ሳይገርምህ አይቀርም። እኔንም ገርሞኛል። ፊደል ሳልቆጥር አርጅቼ፣ እስከዛሬ ላንተ የምትጽፍልኝ ልጄ ነበረች። ዛሬ ብዕሩን ሳነሣ እጄ ብቻውን ይሄዳል። እጄም ቢሆን የኔ አይመስልም፤ የወጣት እጅ ነው፣ ጥፍሩ ቀለም ተቀብቷል። መስተዋቱን ጎረቤት ወስዳብኝ ነው መሰል ከግድግዳው ላይ የለም።

አሁን የምጠይቅህ ስለ ልጄ ስለ ትሕትና ነው። አንተ ዘንድ መጥታ እንደሆነ ቶሎ ላክብኝ። ጎረቤቶቹን ስጠይቃቸው ትክ ብለው ያዩኝና መርዶ እንደያዘ ሰው ፊታቸውን ያዞራሉ። አንተ ግን ከኔ ምንም አትደብቅም።

ወደ ሩቅ እንዳልሄደች አውቃለሁ፤ ባዶ እግሯን የት ትሄዳለች? ነጩ ስኒከሯ ታጥቦ በሩ ላይ ተቀምጧል።

እህትህ ደስታነሽ